የተጨመሩት አሥራ ሰባት ዓመታት

ጋሼ በቀለ የእጅ ጉልበት መለኪያውን ጨብጠው ሲጨምቁት ናፍቆት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለጥናቷ ከዲላ ቡሌ ገጠር ድረስ ጭቃ እየረገጠች መመላለስ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። የሽማግሌው መታወቂያ ሰማኒያ ሰባት ዓመት ይላል፤ ወደ ውጭ አገር ተልኮ የተመረመረው ደማቸው ግን የሰባ ዓመት ሰው ደም ነው።

የዲላ ዩኒቨርሲቲው አማካሪዋ ዶክተር ሲራክ "እርጅናን የሚያዘገይ ነገር ካለ እኚህ ሰው ውስጥ ነው" ብለዋታል። ከመረመረቻቸው መቶ ሃያ አዛውንት የተለዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያለ እሳቸው የማስተርስ ጽሑፏ ባዶ ነው።

"አባባ፣ ምን እየበሉ ነው እንዲህ የጠነከሩት?"

"ቆጮ ነዋ! ሌላ ምን አለና? ለመሆኑ ደሜን ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ወደፊት መድኃኒት ይሠራበት ይሆናል። ሰው ቶሎ እንዳያረጅ።"

ጋሼ በቀለ መታወቂያቸውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

"ሰው በእኔ ውሸት መድኃኒት አይዋጥ፣ ልጄ። ደርግ ለውትድርና ሲያፍሰን ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጺሜን አሳደግኩና አርባ አምስት ነኝ አልኩ። አንዴ ከተጻፈ ማን ይቀንሰዋል?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኸኛው አርባ ሁለት ዓመት ነው ያደረው። ባለቤታቸው አትጠገብ ከምንጭ ያመጡትን ጀሪካን ከጀርባቸው ሳያወርዱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። "ሽማግሌ አገባች" ተብለው የተሳቀባቸው፣ ዛሬ ነገ ይሞቱብኛል እያሉ አርባ ዓመት የሰጉ ሴት ናቸው። እስከ ዛሬ ባላቸውን አንቱ እንጂ አንተ ብለው አያውቁም።

"አንተ! ጎረምሳ አግብቼ ነው ለካ ስጦር የኖርኩት?" ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "በል፣ የቀረውን ውሃ ራስህ ቅዳ!"

ናፍቆት መሳቅ አቃታት። ዕድሜያቸውን ሰማኒያ ሰባት ብላ የሞላችበትን የጥናት ቅጽ አየችው።

ጋሼ በቀለ አዘኑላት። "ከጎዳሁሽ እንዳለ ይሁን። መታወቂያው ይመሰክራል፤ እኛም ለማንም አንናገር" አሏትና ሌላ ባዶ ጀሪካን አንስተው ወጡ።

ስልኳ ጠራ። ዶክተር ሲራክ ናቸው።

"እሺ ናፍቆት፣ ሰውዬው እንዴት ናቸው?"

ናፍቆት ቅጹን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሰማኒያ ሰባትን ሰርዛ ሰባ ብላ ጻፈች።

"እንደ ዕድሜያቸው ናቸው፣ ዶክተር።"