የሰፋሁት ውታፍ

ያን ዕለት ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ ወለሉ ትኩስ ነበር። ለብ ያለ አይደለም፣ ትኩስ! ኤርዙሩም ከተማ ውስጥ፣ በጥር፣ የተሰጣ ልብስ እንደ ጣውላ ደርቆ በሚቆምበት ብርድ፣ ባዶ እግሬን ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ ዘርግቼ ጣቶቼን አንቀሳቀስኳቸው። ሦስት ቀን ሲያንቀኝ የከረመው ሳል እንኳ ለቆኛል። "እሰይ!" አልኩ። አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩት፣ ምን ብዬ ልዋሽ። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ከመጣ ወዲህ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ገመናዬን ላውጣ። ሙነቨር እባላለሁ። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በሰፈሩ የእኔ እጅ ያላረፈበት መጋረጃ የለም። ሕንፃችን ሦስት ፎቅ ነው። ከታች እትዬ ፈህሚዬ፣ ከላይ መምህር ጀቭዴት ከሚስቱ ጋር፣ መሃል ላይ እኔ። እያንዳንዳችን ኩሽና ውስጥ የራሳችን የጋዝ ቦይለር አለን፤ ውሃውን ያሞቅና በቧንቧ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዳለው የብረት ማሞቂያ፣ ወደ ራዲያተሩ፣ ይልካል። እኔ የራሴን ካበራሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ለምን ብዬ አበራለሁ? ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ይሞቃል፤ በሁለት ብርድ ልብስ መሃል እንደተኛ ሰው ነኝ። በከተማችን እንደ እኔ ያለ ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። ስማችንም "ሙቀት ሌባ" ነው።

እትዬ ፈህሚዬ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ገና ሃያ አልሞላውም። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን ሦስት ጊዜ ትመታለች። ሲጀመር በንዴት ነበር፤ "ሙቀቴን መልሺ!" ለማለት። እኔም በተረከዜ አንዴ እረግጥላት ነበር፤ "አልመልስም!" ለማለት። ኋላ ላይ ንዴቱ ጠፋና መመታታቱ ብቻ ቀረ። ሁለታችንም ባል የሞተብን፣ ልጅ የራቀን ሴቶች ነን። ሦስቴ ሲመታ እሷ ተነስታለች፣ አንዴ ሲረገጥ እኔ ተነስቻለሁ ማለት ነው።

ባለፈው መከር ሻይ ልትጠጣ መጣች። ስኳሯን ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ሻዩን ፉት እያለች፣

"ሙነቨር፣ ቦይለርሽ በርቷል?" አለችኝ።

"በርቷል እትዬ። ዝቅ አድርጌው ነው እንጂ።"

"ዝቅ ያለው እስከ የት ነው? እስከ መቃብር? ይሄ ራዲያተር እኮ እንደ ሬሳ እግር ቀዝቅዟል!" እጇን አስቀድማ ጭናበት ኖሯል፣ ተንኮለኛ!

ተነሳችና ከግድግዳዬ ሚስማር ላይ የቤቷን መለዋወጫ ቁልፍ አወረደች። አሥር ዓመት እዚያ ተሰቅሎ የኖረ ቁልፍ ነው። "ሙቀቴን የሰረቀች ቁልፌን ምን ልታደርግበት ነው?" ብላ ኪሷ ከተተችው።

እኔ ደግሞ ሳፍር ምላሴ ሳላዘው ይሮጣል። "ያንቺን ሙቀት የሚበላው እኔ ሳልሆን የኩሽናሽ ቀዳዳ ነው!" አልኳት።

የእሷ ቦይለር የድሮ ነው፤ አየር የሚስበው ከቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጋዝ ሰዎች የኩሽናዋን መስኮት መስታወት የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ በሚያህል ልክ ክብ አድርገው ቀድደውታል፤ ክፍት ይሁን ብለዋል። በረዶ ሲገባ ግን የማይደፍነው ማን አለ? አንዱ በጋዜጣ፣ አንዱ በአሮጌ ካልሲ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ይነቀላል፣ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ይወተፋል።

"ክፍት ይሁን ብለዋል እኮ" አለች እትዬ ፈህሚዬ።

"እነሱ ምን ቸገራቸው! ጋዝ የሚሸጥ ሰው ሙቀት ቢያመልጥሽ ያለቅስልሻል?"

"ለዓመቱ የቦይለር ጽዳት የሚመጣው ሰውዬስ? ቀጠሮው ደርሷል።"

"ምኑን ያጸዳዋል? ጫማ ነው እንዴ?"

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ይህም አልበቃኝ ብሎ በሳምንቱ ለእርቅ ብዬ ውታፍ ሰፋሁላት። ሱፍ የተጠቀጠቀበት፣ ድርብ ገበር ያለው፣ ክብ፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ የተጠለፈበት። ልኩን በሜትር ነው የወሰድኩት። ሲገባ "ጥብቅ!" አለ፤ ክር የምታህል አየር አታሳልፍም። እሷም ወደደችው። ቁልፉን ግን አልመለሰችልኝም።

እንግዲህ ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ሻይ ጥጄ የመጥረጊያውን ድምፅ ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ዝም። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ዝም። "ዛሬ ደግሞ እንቅልፍ ጣላት" ብዬ ራሴ ቀድሜ ረገጥኩላት። ምንም። ደግሜ ረገጥኩ። ብርጭቆዎቼ እስኪንጫጩ በሁለት እግሬ ዘለልኩ። ከታች ምንም የለም፤ ወለሉ ብቻ እየሞቀ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገረመኝ። ይህቺ ሴት ክብሪት ለሁለት የምትሰነጥቅ ናት። ቦይለሯን ከመሃል በላይ ከፍ አድርጋ አታውቅም። እንዲህ የሚነድደው ምን ሆና ነው? ወዲያው ቀይ አበባው ትዝ አለኝ። እዚህ አገር በየበረዶው ወራት በሬዲዮ የምንሰማው፣ አየር ያጣ ቦይለር የሚተፋው መርዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰውን አስተኝቶ ይወስደዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ? እኔ ደግሞ መጠርጠር ሲገባኝ ተቀምጬ እግሬን ሳሞቅ ነበር።

በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ። ደወሉን ተጫንኩ። በሩን በሁለት መዳፌ ደበደብኩ።

"እትዬ ፈህሚዬ! እኔ ነኝ፣ ሙነቨር! ሙቀት ሌባዋ! ውጪና ስደቢኝ እንጂ!"

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቦይለሩ ይንጎራጎራል። ሌላ ድምፅ የለም። እጄ ሳላስበው ቁልፍ ፍለጋ ኪሴ ገባ፤ ምን ቁልፍ አለኝና!

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወደ ላይ ተጣርቼ መምህሩን ልጠራ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሰው ከመጣ ውታፉን ያያል። አበባው የማን ጥልፍ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። "ሙነቨር ገደለቻት" ሊባል ነው ብዬ እዚያ ደረጃ ላይ ቆምኩ። ከቁርኣን አንድ ፋቲሃ የሚቀራበትን ያህል ጊዜ ቆምኩ። ሰው በር ማዶ እየሞተ እኔ ስለ ስሜ አሰብኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ከዚያ ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። "ጀቭዴት! ጀቭዴት ድረስልኝ!"

መምህሩ በፒጃማ ወጣ። "ምነው እትዬ ሙነቨር? ቦይለርሽ ፈነዳ እንዳልል፣ በርቶ አያውቅ" አለ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ።

"የታችኛውን ጋዝ ዝጋ! ፈህሚዬ አትመልስም! ቀዳዳው ተደፍኗል!"

ቆጣሪዎቹ ደረጃው ሥር ናቸው። ተንደርድሮ ወርዶ ማጥፊያውን ጠመዘዘ፤ ከውስጥ መንጎራጎሩ ቆመ። ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ። በሩን በትከሻው ገጨው፤ የብረት በር ነው፣ ነቅነቅ አላለም። ሚስቱ ከላይ አምቡላንስ ትጠራለች። እኔ መግቢያው ላይ የቆመውን የበረዶ አካፋ ይዤ በጓሮ ዞርኩ።

በረዶው እስከ መስኮቷ ድረስ ተቆልሏል። ስወጣ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። እግሬ መቀዝቀዙን እንኳ አላወቅኩም። መስኮቱ ጋ ስደርስ መስታወቱ በእንፋሎት ታውሯል፤ መሃሉ ላይ ቀይ አበባዬ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ፊቱን ወደ ውጭ አዙራ ነው የወተፈችው፣ መንገደኛ ይይልኝ ብላ። በመዳፌ ገፋሁት። አልገባም። በጡጫ መታሁት። አልገባም! ልኩን አሳምሬ ሰፍቼዋለሁና! "ያ አላህ፣ እጄን ቁረጠው!" እያልኩ በአካፋው ጫፍ መስታወቱን አደቀቅኩት።

ከውስጥ የወጣው አየር ፊቴን ገረፈኝ፤ የታፈነ፣ የሞቀ፣ ከባድ። ትንፋሼን ይዤ መቀርቀሪያውን ከፈትኩና በሆዴ ተንሸራትቼ ገባሁ። ጀቭዴት ከኋላዬ ዘለለ። የቦይለሩ ፊት በጥላሸት ጠቁሯል። እትዬ ፈህሚዬ ኩሽናው ደፍ ላይ በጎኗ ወድቃለች። ጉንጯ እንደ ሙሽራ ቀልቷል።

"ተመስገን፣ ደህና ናት! ፊቷን እየው፣ ቀይ ነው!" አልኩ።

"እትዬ ሙነቨር፣ ይሄ መቅላት የመርዙ ነው፣ ጥሩ አይደለም" አለ ጀቭዴት ቀስ ብሎ።

በምንጣፏ ላይ አድርገን እየጎተትን በሩን ከውስጥ ከፍተን ደረጃው ላይ አወጣናት። ስንጎትታት አንድ ነገር በሩ ላይ እየተሰነቀረ አስቸገረን። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጥረጊያው ነው። እንጨቱን ጨብጣ ነው የወደቀችው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ልትመታልኝ ስትል ነው የወደቀችው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ባንድ እግሬ የጀቭዴትን ሚስት ጫማ፣ ባንዱ የራሴን አድርጌ ተቀመጥኩ። በር በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ወጣችና፣

"ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አንደርስላትም ነበር። የአየር ማስገቢያውን ማን ነው የደፈነው?" አለች።

ጀቭዴት አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። "እኔ ነኝ። እኔ ሰፍቼ ሰጠኋት። አይጽዳ ያልኩትም እኔ ነኝ።" ሐኪሟ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አየችኝና ተመልሳ ገባች። ምነው በተቆጣችኝ!

ከሰዓት በኋላ እንድገባ ፈቀዱልኝ። እትዬ ፈህሚዬ አፏ ላይ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎላት ዓይኗን ገልጣለች። በጣቷ ጠራችኝ። ስድቡ ሊወርድብኝ ነው ብዬ፣ ይውረድ፣ ይገባኛል ብዬ፣ ጎንበስ አልኩ። ጭምብሉን በሁለት ጣቷ ከፍ አደረገችው።

"ሙነቨር..."

"አቤት እትዬ።"

"ሙቀቱ ደረሰሽ?"

"የቱ ሙቀት?"

"ሦስት ቀን ስታስይ ሰማሁሽ። ሌሊቱን ሁሉ ኡሁ ኡሁ! እንቅልፍ ነሳሽኝ" አለች፤ ትንፋሽ አጠራትና ጠበቀች። "ያንቺ ቦይለር እንደማይበራ ደግሞ አውቃለሁ። የጭስ ማውጫሽ ጫፍ ላይ የበረዶ ዘንግ ተንጠልጥሎ ሁለት ዓመት አየሁት፣ ሞኝ መሰልኩሽ? ለሶላት ስነሳ፣ ይህቺ ሴት ልትሞትብኝ ነው ብዬ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። ደረሰሽ ወይ?"

ብርድ ልብሷን እስከ አንገቷ ሳብኩላት።

"ደረሰኝ እትዬ" አልኳት። "ሳሌም ለቀቀኝ።"

"እሰይ" አለች። ጭምብሉን መለሰችና ዓይኗን ጨፈነች።