አህያይቱ አፏን ስትከፍት

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች የበለዓምንና የአህያይቱን ታሪክ በድራማ እንሥራ ሲሉ፣ በለዓም ማን ይሁን የሚል ክርክር አልተነሣም። የሾላ ገበያው እህል ነጋዴ አቶ ልደቱ ቁመት አላቸው፣ ድምፅ አላቸው፣ ቁጣማ ተርፏቸው። እሳቸውም ሕዝቡ ይገሠጽበት ብለው እሺ አሉ። ያስቃል ብሎ የነገራቸው የለም።

ሳቅን ማን ደፍሮ ያነሣባቸዋል! በቅርቡ ልጃቸው ሃይሚ እንግዳ ፊት የአባቷን ጸሎት አስመስላ፣ ሰው ያየኝ ይሆን ብለው አንድ ዓይናቸውን ገርበብ የሚያደርጉትን ሳይቀር አሳይታ ቤቱን በሳቅ ብትሞላው፣ "አላገጥሽብኝ!" ብለው በጥፊ አጮሏት። ሃይሚ ከዚያ ወዲያ አላነጋገረቻቸውም። ኩራት ይዟቸው እንጂ ቤቱ ጭር ባለ ቁጥር ሆዳቸው ይባባ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አህያ የሚሆነው ናኦል የሚባል ዘማሪ ነው፤ ጆንያ የለበሰች፣ የካርቶን ጆሮ የተከለች አህያ እየዳኸች ገባች። መንገድ የዘጋውን መልአክ አይታ አልሄድም አለች። ነቢይ የተባለው ሰውዬ አላየም። አቶ ልደቱ "ሂጂ!" ብለው ሲያጓሩ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

አቶ ልደቱ ክው አሉ። በእግዚአብሔር ቃል ይሳቃል? ዞር ቢሉ፣ የደብሩ አባት አባ ወልደ ኢየሱስ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው፤ አቶ ልደቱ ግን ቄሱን ፈርተው አህያዋን። በታሪኩ ካሉት ሦስት ዱላዎች ሁለቱ የማስመሰል ነበሩ፤ ሦስተኛው ጧ ብሎ አረፈ።

"ምን በደልኩህ? ለምን ትመታኛለህ?" የሚል ድምፅ ከጆንያው ሥር ወጣ።

የናኦል ድምፅ አይደለም። ናኦልማ ያው፣ መጋረጃው ጥግ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። የልጃቸው ድምፅ ነው! የበለዓም መልስ "አላገጥሽብኝ!" ነው፤ ስንት ጊዜ ሲለማመዱት፣ ቤታቸው የተናገሩት ቃል መሆኑ አንድም ቀን አልታወሳቸውም። አሁን ከአፋቸው አልወጣ አለ። ሕዝቡ ቃሉ ጠፋባቸው ብሎ ይብሱን ሳቀ።

"ስትጋልበኝ የኖርክ አህያህ አይደለሁም?" አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። "ክፉ አድርጌብህ አውቃለሁ?"

ሳቁ ቀስ በቀስ ከሰመ። አቶ ልደቱ ዱላውን ጥለው ተንበረከኩ። መጽሐፉ ለበለዓም የሰጠው መልስ አጭር ነው።

"አታውቂም" አሉ። ያ የተፈራ ድምፅ ከፊተኛው ወንበር አላለፈም።

ጆንያው ተገለጠ። ሃይሚ አንድ ጆሮዋ እንደተንጋደደ ትከሻዋን እያሸች አየቻቸው።

"አባዬ፣ ሦስተኛው እኮ የምር ነበር።"