ሜዳሊያው ካልወለቀ

«አውልቂውና እንሸከመዋለን። ካላወለቅሽው ጋሪ ፈልጊ።»

አሌክ ይህን ያለው ከበሩ አጠገብ እንደቆመ፣ የሰጡትን ሻይ ሳይቀምስ ነው። ካትሪና አባቷ ወደተኛበት የሬሳ ሳጥን ዞረች። ብረት ቀጥቃጩ ላክሊን በጥቁር ኮቱ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ያለው የብር ሜዳሊያ አድርጎ፣ ለሰልፍ እንደተጠራ ሰው አገጩን ቀና አድርጎ ተኝቷል።

«በሱ ቅበሩኝ ብሎኛል፣ አሌክ።»

«ሙት ምን ቸገረው! ትከሻው የኛ ነው።»

ግድግዳውን ተደግፈው ከተቀመጡት የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። በዚያች መንደር ሰው ወደ መቃብሩ የሚወጣው በጎረቤት ትከሻ ነው፤ በጋሪ የሚሄደው ባሕር የተፋው፣ ስሙ የማይታወቅ ብቻ ነው።

ካትሪና መቀመጥ አቃታት። ያላለቀ ሻይ ከሰው እጅ ትቀበላለች፣ በተሞላ ምድጃ ላይ ከሰል ትጨምራለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ምን ልታይ እንደሄደች ይጠፋታል። ከኋላዋ ሹክሹክታው አያቋርጥም።

ላክሊን ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የበጎ ፈቃድ ወታደር ልብሱን ለብሶ ልምምድ ይወጣል። ልጅ ሳለች ቁልፎቹን አብራው ትወለውል ነበር። «ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ላገለገለ ንጉሡ ይሸልመዋል» ይላት ነበር፣ ዓይኑ ሩቅ እያየ። በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ቆፋሪዎቹ አደሙ። የከሰሉ ኩባንያ ቤተሰባቸውን ካከራያቸው ቤቶች ሲያስወጣ፣ እነላክሊን ጠመንጃ ይዘው እንዲቆሙ ታዘዙ። እምቢ ቢል ያ ሁሉ ዘመን ውኃ ሊበላው ነው።

«እምቢ በል፣ አባባ» አለችው።

ኮቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

የአሌክን እናት የሞራግን የብረት ምድጃ የኩባንያው ሰዎች በረዶው ላይ ሲወረውሩት፣ የምድጃው አንድ እግር ተሰበረ። ላክሊን በሴትዮዋ ራስ ላይ አሻግሮ እያየ ቆሞ ነበር። አድማው ሲያበቃ አዲስ እግር ቀጥቅጦ ደጇ ላይ አኖረላት፤ እሷም ሰው እያየ ግቢው ውስጥ መልሳ ወረወረችለት። ሜዳሊያው በዓመቱ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ከካትሪና በቀር አጠገቡ የሚቀመጥ አልተገኘም።

በቀብሩ ጠዋት ካትሪና ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ የሜዳሊያውን መርፌ ቁልፍ ስትታገል፣ ሞራግ ገባች።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«ላወልቀው ነው፣ እትዬ። በጋሪ አልሰደውም።»

«ማነው አውልቂ ያለሽ?» ሞራግ ልጇን አየችው።

«እማዬ፣ ረሳሽው እንዴ? በዚያ በረዶ—»

«እኔ ልርሳ? የቀዘቀዘው የኔ እግር! አንተማ ብርድ ልብሱን ሁሉ ጠቅልለህ ታንኮራፋ ነበር።»

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ይቅር አላልኩትም። አልልምም። ግን ለዚች ቁራጭ ብር ብሎ ነው ሁላችንንም ያጣው፤ ከሷም ለያይተን ባዶውን እንላከው? ደግሞ ዛሬ ጎረቤትህን በጋሪ ካስወሰድክ፣ ነገ እኔን ማን ሊሸከመኝ ነው?»

መርፌውን ከካትሪና ጣቶች ተቀብላ መልሳ ሰካችው። «ጠምሞብሻል» አለችና ጥብጣቡን ሳብ አድርጋ አቃናችው።

የሳጥኑ ክዳን በምስማር ተመታ። አሌክ ቆቡን አወለቀ፣ አጠፈው፣ ሳንቃው እንዳይቆረቁረው ትከሻው ላይ አኖረና ጎንበስ አለ። ቆቡ ተንሸራተተ። ካትሪና እጇን ሰድዳ መለሰችለት፤ መዳፏንም ሳጥኑ እስኪነሳ ድረስ እዚያው ትከሻው ላይ ተወችው።