ጋሽ ዝምታ እና የውሻው ፊልም

«ይሄኛውማ ከሁሉም የባሰው ነው» አለች አንዲት ጎረቤት፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብላ። «ያን የመሰለ ተዋናይ ውሻ ፍለጋ ሲሯሯጥ!»

ሟቹ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ እሱን ለማሰብ ፊልሞቹን እያከታተሉ ያሳያሉ። አገር ያወቀው ተዋናይ ነበር። በስተርጅናው ከመናገሩ በፊት ቆም ማለት አመጣና፣ ያቺ ፋታው አንጀት ትበላለች ተብሎ ሰዉ «ጋሽ ዝምታ» ይለው ጀመር። አሁን ሳሎኑ ውስጥ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ ጡረታ የወጣ መርማሪ ሆኖ የአንድ ሀብታም ውሻ ይፈልጋል።

«ብር ነዋ» አለች ሁለተኛዋ። «ሚስትየው ናት አሉ። ቀረጻ ላይ አንድ ቀን ተለይታው አታውቅም፤ ክፍያውን ልትጠብቅ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሚስቱ ጆሮ ግን ያን ቀን ባዳ አልሆነላትም፤ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ሰምታም ሻዩን አቀረበችላቸው፣ «ስኳር ጨምሩ እንጂ» አለቻቸው።

ሰው ቢያማት ግድ አልነበራትም። ያስጨነቃት ልጇ ናት። ከሌላ ከተማ ለቀብር የመጣችው አንድ ልጃቸው ዛሬ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ ሐሜቱ እሷም ጆሮ ደርሶ ኖሮ፣ ከመጣች ጀምሮ እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም። እንዲህ እንዳኮረፈች ከሄደች ተመልሳ እንደማትመጣ እናት ታውቀዋለች።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ባሰ። አንድ ስመ ጥር ዳይሬክተር ሊያጽናና መጥቶ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንድ ድርሰት ለእሱ ብዬ ነበር የጻፍኩት» አላት። «ስደውል እናትሽ አነሱና አይመቸውም አሉኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችው። ከዚያ እናቷን ጓዳ ድረስ ተከተለቻት።

«እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ ያለውን ሥራ ትተሽ ለውሻ ፊልም ሰጠሽው?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ይለፍ።»

«እኔ ሆድ ውስጥ ነቅዟል» አለች ልጅቷ፣ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ እየወጣች።

እናት ከእቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ ቀረች። መናገር አማራት፤ መሐላው ያዛት።

ነገሩ ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ሲለው የኖረውን ንግግር እየጀመረ ሲያቋርጥ ሰማችው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቋርጥ ከበሩ ውጭ ሆና ቀጣዩን ቃል ነገረችው፤ ቀሪውን እንደ ውሃ አወረደው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ለማንም እንዳትናገሪ። ለልጄም ቢሆን፤ አባቷ ሲናድ አትየው» አላት። ማለችለት።

ሐኪሙ ቤት ይረፍ አለ። ቤት ሲውል ግን ባሰበት፤ መውጫው ጠፍቶት ቁም ሣጥን ሲከፍት ይገኝ ጀመር። የድሮው ሰው የሚሆነው ካሜራ ፊት ሲቆም ብቻ ነበር። ጎበዞቹ ዳይሬክተሮች ደግሞ የሁለት ወር ልምምድ፣ ሳይቆረጥ የሚቀረጽ ረጅም ትዕይንት፣ አንዲት ፊደል ያልጎደላት ቃል ይፈልጋሉ። ተራ ፊልም ላይ ይህን ማን ይጠይቃል? ስሙ ፖስተሩ ላይ ይውጣ እንጂ ውሻውን ድመት ቢለው የሚቆጣ የለም። «ጆሮው ደክሟል» ተባለና ትንሽ ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ገባች። ሚስቱ ከመጋረጃ ጀርባ ድርሰቱን ይዛ፣ ቃሉን በሹክሹክታ ታቀብለዋለች። ሰዉ ያደነቀው ፋታ እሷን መጠበቂያ ነበር።

አመሻሹ ላይ እንግዳው ሳሳ። እናት ብቻዋን፣ የውሻው ፊልም በድጋሚ ከሚታይበት ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበት ስትመጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

ስክሪኑ ላይ አባቷ ዝም አለ። «ዝናቡ ሳይመጣ እንግባ» አለች እናቷ፣ በሹክሹክታ። ቀጥሎ አባቷ፣ «ዝናቡ ሳይመጣ እንግባ» አለ። እንደገና ዝም አለ። እናቷ ቀደመች፤ እሱ ተከተለ። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባች።

«አንቺ ነሽ እንዴ ቃሉን ትነግሪው የነበርሽው?»

እናት ደነገጠች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የሷም መሐላ ሳይታወቃት አምልጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መርሳት ከጀመረ ወዲህ። ሰባት ዓመት።»

ልጅቷ ሻንጣውን አስቀምጣ ወለሉ ላይ፣ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። አባቷ እሑድ እሑድ ይደውልላት ነበር፤ በሰባት ዓመት አንድም አላጓደለም።

«የእሑዱ ስልክስ፣ እማዬ?»

«ስምሽን» አለች እናት። «ስምሽን ብቻ ነበር የምነግረው። ሌላውን ራሱ ነው የሚለው። ናፍቀሽኛል ማለቱንም።»

ልጅቷ ከቀብሩ ጀምሮ ያላፈሰሰችው እንባ መጣ። እናቷ ጉልበት ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች።

ፊልሙ እያለቀ ነበር። መርማሪው ውሻውን አስረክቦ የሰው ቤት በር ላይ ቆሟል። ዝም አለ። እናት ከንፈሯን ስታላቅቅ ልጅቷ ቀና ብላ በመዳፏ የእናቷን አፍ ከደነችው።

«ተይው። ትንሽ ይቆይልን።»

ፋታው ከሌላው ጊዜ ሁሉ የረዘመ መሰላቸው። ከዚያ «እንግዲህ ልሂድ» አለ፣ ማንም ሳይነግረው፤ ወጥቶም በሩን ዘጋ። ልጅቷ እጇን አላነሳችም። ከመዳፏ ሥር የእናቷ ከንፈር አሁንም ይንቀሳቀስ ነበር።