ከ"ስለዚህ" በፊት

ሙሚና ባለፈው የተረፈውን የወባ ክኒን አውጥታ ውኃ ስትቀዳ፣ ትልቋ ልጇ ሂዳያ እጇን ያዘቻት። ትንሿ አሪፋ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በጠዋቱ ቆርቆሮውን አግሎታል፤ እሷ ግን ብርድ ልብስ ትጠይቃለች።

"ዝናቡ ባባራ ቁጥር የሚያማት ወባ ነው" አለች ሙሚና። "አሁንም ወባ ነው።"

"ሳይሆን አይቀርም እንጂ የግድ ነው አይባልም፣ እማዬ። ታይፎይድ ቢሆንስ?"

ሂዳያ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ነው የመጣችው። ሎጂክ ከተማረች ወዲህ ከባጃጅ ሾፌሩም ከሬዲዮውም ወሬ ውስጥ "ስለዚህ" የምትለዋን ቃል እየለቀመች ትፈትሻለች። እናቷ ነገሩ ያስቃት ነበር። ዛሬ ግን አልሳቀችም።

"እሺ፣ ወባ ነው እንበል። ይህ ክኒን ወባን ያድናል። ስለዚህ አሪፋን ያድናታል። ይሄስ ምን ይወጣለታል?"

ሂዳያ አሰብ አደረገች። "ይሄኛው አካሄዱ ልክ ነው። ሁለቱ እውነት ከሆኑ፣ መደምደሚያው የግድ ነው።"

"ከሆኑ አልሽ?"

"ከሆኑ።"

ሙሚና ብርጭቆውን አስቀምጣ አሪፋን አዘለቻት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ በላይነሽ ከአሪፋ ጣት ደም ወሰደች። እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ሆነው ጠበቁ። እናትየዋ በወባነቱ እርግጠኛ ናት፤ ልጅየዋ ታይፎይድ እንዳይሆን ትጠረጥራለች። ውጤቱ ወባ ሆነ። ሂዳያ አንገቷን ደፋች። በላይነሽ ግን ቤት ሊሰጧት ስለነበረው ያለፈው ክኒን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ ሌላ ዓይነት ወባ ነው፣ እናት። ያ ክኒን ለዚህኛው አይሠራም። እሱን ሰጥተው ቤት ቢያቆዩዋት ኖሮ ይጠናባት ነበር።"

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዘዘላትና አሪፋ የአዲሱን የመጀመሪያ ፍሬ እዚያው ዋጠች። ሂዳያ የተጠራጠረችው የሙሚና ግምት እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም እንከን ያላገኙለት መደምደሚያ ደግሞ ስህተት ሆነ።

"አካሄዱ ምንም አልነበረበትም" አለች ሂዳያ ቀስ ብላ። "ክኒኑ ወባን ያድናል ያልነው ነው የሳተው። የትኛውን ወባ ብለን አልጠየቅንም።"

ባጃጅ ሊጠሩ ሲነሱ ሙሚና ወደ ላቦራቶሪው በር ተመለሰች።

"እህቴ፣ ሁለቱ የወባ ዓይነቶች በመልክ ይለያያሉ?"

"ይለያያሉ" አለች በላይነሽ።

"በምን?"

በላይነሽ ፈገግ ብላ ከወንበሯ ተነሳችላት። ሙሚና አሪፋን ለሂዳያ አሳቀፈቻትና ሒጃቧን ከግንባሯ ሸሸት አድርጋ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።