የዘጠነኛው ወር ፊርማ

ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ፊርማ» ነው የሚሏት፤ ወረቀት ይዛ ሠራተኛውን ስታሳድድ ስለምትውል። ማሽን ሲጸዳ ሌላ ሰው እንዳያስነሳው የኤሌክትሪክ ኃይሉ እንዴት እንደሚቆለፍ በየወሩ ሥልጠና መሰጠት ነበረበት። «ማሽን አቁመን ልንሠለጥን ነው?» ይላል ሥራ አስኪያጁ። ስለዚህ ዓመቱ ሲገባ የአሥራ ሁለቱንም ወር ቅጽ በአንድ ቀን ታስፈርምና ፋይሉን ትዘጋለች። የእህቷ ባል ሲፈርም «ሳልማር ተመረቅኩ በይኛ» ብሎ ቀልዶባት ነበር። በአራተኛው ወር መቁረጫውን ሲያጸዳ ሌላ ሰው ሳያየው ማሽኑን አስነሳበት፤ እሱም ሞተ።

የተከሰሰው ድርጅቱ ራሱ ነው። የድርጅቱ ጠበቃ ጠዋት ኮሪደር ላይ «እህቴ፣ ስትመሰክሪ ፋይሉን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው» አላት። እሷም ሞኝ፣ ሥራዬን አላጣም ብላ እሺ አለች።

ችሎት ላይ እህቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ጠበቃው ተነሳ። «ድርጅቱ ማድረግ ያለበትን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጓል። ሟች ሠልጥኖ ፈርሟል። ጥፋቱ የራሱ ነው።»

ምስክር ሳጥን ውስጥ የቆመችው ፊርማ ክው አለች። ለካስ በገዛ እጇ የሰበሰበችው ወረቀት ሬሳ ሊያስወነጅል ኖሯል።

ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ሲያገላብጥ ቆየና አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ወደ ፊርማ ዞረ።

«ሟች የሞተው መቼ ነው?»

«በአራተኛው ወር» አለች።

«በዘጠነኛው ወር ሥልጠና ላይ የፈረመው ታዲያ ማን ነው?»

ጉድ ፈላ። የቀሪዎቹን ወራት ገጾች ማውጣት ረስታለች፤ ጠበቃውም ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ አላየም። እሱ ግን ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ የአንዲት ሠራተኛ ማጭበርበር ነው። ድርጅቱ አያውቅም። ተጠያቂዋ እሷ ናት።»

ጠዋት «እህቴ» ያላት አፍ ነው ይህን ያለው። የምስክር ሳጥኑን ጠርዝ ጨበጠች።

«አጥፍቻለሁ» አለች። «ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ግን ከግርጌው፣ ‹አጽድቄያለሁ› የሚለው ላይ እዩልኝ። መጀመሪያ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው፣ ቅጹ ባዶ እያለ። እሱ ሳይፈርም ወረቀት ይዤ ወጥቼ አላውቅም።»

ዳኛዋ አሥራ ሁለቱንም ገጽ አንድ በአንድ ገለጡ። ጠበቃው አጠገቡ ወደተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ዞረ፤ ሰውዬው ጫማውን ያያል።

እህቷ ግን የሥራ አስኪያጁ ነገር አልታያትም።

«ቆልፈህ አጽዳ ያለው ሰው አልነበረም ማለት ነው?» አለች ከተቀመጠችበት።

ፊርማ የዳኛዋን ፈቃድ አልጠበቀችም።

«አልነበረም» አለቻት።