አዲስ ጌጅ ለአሮጌዋ መኪና

ጧ አለና ፊውዙ እንደገና ተቃጠለ። ኤሌክትሪሺያኑ ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ስር አወጣና ጣቶቹን እፍ እፍ አለባቸው።

"መኪናዬን ልትገድላት ነው እንዴ?" አለች አዋላጇ፣ በተከፈተው በር ጎንበስ ብላ።

"ኧረ እትዬ፣ እሷ ናት እኔን ልትገድለኝ የተነሳችው።"

"ስትወለድም እንዲሁ አማራሪ ነበርክ። ገና ሳትወጣ ነው ማልቀስ የጀመርከው።"

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቀ። በሰፈሩ እሷ ያላዋለደችው ጎልማሳ ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉም ለምዶታል። ባሏ ግን ከጋራዡ በር አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ፈገግ እንኳ አላለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨዋታውን ተቀብሎ የሚያራዝመው እሱ ነበር።

ባሏ አናጢ ነው። መኪና መንዳት አያውቅም። ቢሆንም ይቺን መኪና እስከ ዛሬ የነዷት ሁለቱም ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። አዋላጇ የሩቁን አጥርታ ታያለች፣ የቅርቡ ግን ይደበዝዝባታል። መነጽር ስታደርግ ደግሞ መንገዱ ይጠፋባታል። አናጢው በተቃራኒው አፍንጫው ስር ያለች ስንጥር አታመልጠውም፤ ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ግን ለእሱ ጉም ነው። ስለዚህ እሷ መንገዱን፣ እሱ ጌጆቹን፣ የሙቀቱንና የነዳጁን መለኪያ፣ ተካፍለው ኖረዋል። ጡረታ ከወጣች ወዲህም ከከተማ ወጣ እያሉ አራስ ሲጠይቁ የሚሄዱት እንዲሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ዳገት መሀል ላይ ሞተሩ ፈላ። የሙቀቱ ቀስት ለካ ሞቶ መሀል ላይ ተገትሮ ኖሯል። አናጢው ቀስቱን አምኖ "ደህና ነው" እያላት ሳለ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ልጃቸው ይህን ሲሰማ ቁጥሩ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ የሚያበራ ኤሌክትሮኒክ ጌጅ ገዝቶ ላከ። "እማዬ፣ ከእንግዲህ ራስሽ ታይዋለሽ። ማንንም መጠየቅ የለብሽም" አላት በስልክ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር አናጢውም ሰማ።

ዛሬ ጋራዥ ደርሰው ከዚያ ከዳገቱ ማዶ አራስ ሊጠይቁ ከቤት ሲወጡ፣ "ጌጁ ከተገጠመልሽ በኋላ እኔን እቤት ጣይኝና ሂጂ" አላት።

"ምን ሆነህ?"

"ምንም አልሆንኩ። ሻንጣ ነኝ እንዴ ዝም ብዬ የምጫነው?"

ብቻዋን መንዳቱ አልነበረም የከበዳት፤ ከጎኗ ያለው ባዶ ወንበር ነው።

"አገኘሁት!" አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከውስጥ። "ጥፋቱ የራሴ ነው። የአሁን መኪኖች ከቦዲያቸው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። የእርስዎ ግን በድሮው ደንብ ነው የተሠራችው፤ ቦዲዋ ላይ ያለው ፖዘቲቩ ነው። የጌጁ የብረት ሽፋን ከኔጌቲቩ ጋር ስለተያያዘ ዳሽቦርዱን በነካ ቁጥር ሁለቱ ይጋጩና ፊውዙን ይበሉታል።"

"ቮልቱስ?" አለ አናጢው፣ ከጎማው ሳይነሳ። ላለመጠየቅ ታግሎ እንደተሸነፈ ያስታውቅበታል።

"እሱ እንኳ ተፈቷል ጋሼ። ባትሪዋ ስድስት ቮልት ነው፣ ጌጁ አሥራ ሁለት ይፈልጋል፤ ይቺ ትንሽ ሳጥን ከፍ ታደርግለታለች። የቸገረኝ መቀመጫው ነው። ብረት ሳይነካ፣ ሳይነቃነቅ መቆም አለበት። ያለኝ ፕላስቲክ ደግሞ በዚህ ጎባጣ ዳሽቦርድ ላይ አይገጥምም።"

አዋላጇ ወደ ባሏ ዞር አላለችም። ብትዞር እንደሚኮራ ታውቃለች።

"እንጨት ነዋ" አለ አናጢው።

ተነስቶ ጥግ ላይ ከተከመረው ቁርጥራጭ ውስጥ የተሰበረ የወንበር እግር መዘዘ። ኤሌክትሪሺያኑ መጋዝ ሲያቀብለው የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"ይሄ መጋዝ ነው ወይስ ማበጠሪያ?"

"ጋሼ፣ እኛ እንጨት መች ነክተን እናውቃለን?"

"ያስታውቃል።"

ቆረጠ፣ ሞረደ፣ ከዳሽቦርዱ ጉብታ ጋር እያገናኘ በአንድ ዓይኑ አየ። ከዚያ ለሚስቱ የሹፌሩን ወንበር አሳያት።

"ግቢና ተቀመጪ።"

"ምን ልሁን ብዬ?"

"ልለካሽ ነው።"

ተቀመጠች። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ከዓይኗ ጥግ እስከ ዳሽቦርዱ ወጠረ።

"እንደምትነጂው ሁኚ እንጂ፣ ፎቶ እንደምትነሺው አትሁኚ!"

ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች። ሲባጎው ባረፈበት ማዕዘን እንጨቱን አጋድሞ ቆረጠውና ጌጁ ልክ ወደ ዓይኗ እንዲያይ አደረገው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም። አዋላጇ የሚሠሩትን እጆቹን አየች፤ ሰውየው ሥራውን በገዛ እጁ እያስረከባት ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ጌጁን እንጨቱ ላይ አሰረና ሞተሩን አስነሳ። ፊውዙ ዝም አለ። አረንጓዴ ቁጥር ቦግ አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

"ይታይሻል?" አለ አናጢው።

"ቁልጭ ብሎ!" አለች። ወዲያው ምነው ባልፈጠንኩ አለች በልቧ።

"እንግዲያው ጥሩ ነው" አለና ሱሪው ላይ ያረፈውን የእንጨት ብናኝ አራገፈ።

መንገድ ጀመሩ። ቁጥሩ ስልሳን አለፈ፣ ሰባን አለፈ። አናጢው በጎን መስኮት የማያየውን መንገድ ያያል።

"መንታ ነው አሉ የወለደችው" አለች አዋላጇ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ።"

በይልኝ። እንግዲህ ቁርጡን ነግሯታል። መስቀለኛው ላይ ሲደርሱ ወደ ቤት የሚያስገባውን ፍሬቻ አበራች። ፊት ለፊቷ የቆመ የጭነት መኪና መንገዱን ስለዘጋው ጠበቁ። ቁጥሩ በልኳ በተቆረጠው እንጨት ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

"ስንት ደረሰ?" አለችው።

"ምኑ?"

"ሙቀቱ ነዋ።"

"ከፊትሽ አይደል እንዴ? በልክሽ አይደል የሠራሁልሽ?"

"እኔ መንገዱን ነው የማየው። ስንት ደረሰ?"

ዞሮ አያት። እሷ ከጭነት መኪናው ጀርባ ዓይኗን አልነቀለችም፤ የከንፈሯ ጥግ ግን እየከዳት ነበር። አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። ከእግረኛ መንገድ የሚነበበውን ቁጥር አፍንጫውን አስጠግቶ፣ እንደ በር መጋጠሚያ መረመረው።

"ሰባ ስምንት።"

"ደህና ነው?"

"ለጊዜው ደህና ነው" አለ። ወንበሩ ላይ ተደላደለ። "ዳገቱ ላይ ግን እኔ እንጃ። እዚያ ላይ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል።"

የጭነት መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከኋላቸው ክላክስ ተነፋ። አናጢው እጁን በመሪው በኩል አሻግሮ ፍሬቻውን አጠፋው።